ብቸኝነትና አውራ ጎዳና በአሜሪካ

ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ባልቲሞር ሳለ ስለ 11 ሕፃናት ባሳተመው ጽሑፍ፣ ብቸኝነትን የኦቲዝም ዐቢይ መለያ አድርጎ አስፍሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አገሪቱ ራሷ ብቸኝነትን የምታበዛ ሆነች፤ በ1956 የወጣው ሕግ 66,000 ኪሎ ሜትር ያህል አውራ ጎዳና እንዲሠራ ሲፈቅድ፣ የባልቲሞር ትራም በ1963 ቆመ። ከካነር ሕፃናት የመጀመሪያው፣ በ2023 ያረፈው ዶናልድ ትሪፕሌት፣ በ27 ዓመቱ መኪና መንዳት ተምሯል፤ ይህ ግን የሁሉም ዕድል አይደለም። በ2017 ይፋ በሆነ የኒው ጀርሲ ጥናት፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ከሌለባቸው ባለ ኦቲዝም ወጣቶች መካከል መንጃ ፈቃድ ያገኙት ሲሶ ያህሉ ናቸው። ከቤት የቀረውን ወጣት «ከሰው አይቀላቀልም» ብሎ በካርዱ የሚያሰፍር ሐኪም፣ ምልክቱ የኦቲዝሙ ይሁን የመንገዱ ሊጠይቅ ይገባዋል። በ1990 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ልዩ መጓጓዣ እንዲቀርብ ቢያዝም፣ ግዴታው ከአውቶቡስ መስመር ግራና ቀኝ 1.2 ኪሎ ሜትር ላይ ያበቃል፤ አውቶቡስ በማያልፍበት መንደር የሚኖረው ወጣት የወላጁን መኪና ይጠብቃል።