ኮሶን ማን ይተክለዋል?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ ቲሊሊን እንዳለፈ አየሩ ይቀዘቅዝበታል፤ ምድሩም ይለመልምበታል። በእንጅባራ ዙሪያ ከቀርቀሃ የተሠራ ወንበርና መደርደሪያ በመንገዱ ዳር ለገበያ ቆሞ ያገኛል። ወደ አዲስ ቅዳምና ወደ ዳንግላ ሲቀጥል ደግሞ ኮረብታው ሁሉ ቁመታቸው እኩል በሆኑ፣ ቅጠላቸው እንደ ላባ በሳሳ ዛፎች ተሸፍኖ፣ እዚህም እዚያም የከሰል ጭስ ሲወጣ ያያል። «የአዊ ሕዝብ ደኑን ጠብቆ ኖሯል» ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያ ዛፍ ዲከረንስ ነው፤ ዘሩ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ከሠላሳ ዓመት ገደማ ወዲህ የተስፋፋ ዛፍ።

የአገሩ ዛፍ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ጥግ ይዞ ነው ያለው። ኮሶው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ብሳናውና ዋንዛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ፣ በወንዝ ዳርና በየገበሬው ጓሮ ይገኛሉ። እንጅባራ ራሷ ኮሶ በር እየተባለች የኖረች ከተማ ናት። ዛሬ በከተማዋ የሚማር ልጅ ግን ኮሶን በዓይኑ ሳያይ ትምህርቱን ሊጨርስ ይችላል።

ስለዚህ ምድር ዕፅዋት በሥዕል ተደግፎ ከተጻፈው ሁሉ ቀደም ካሉት አንዱ የስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሥራ ነው። ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ ግሽ ሲወርድ የረገጠው ይህንኑ የአገው ምድር ነበር። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. ምንጩን አይቶ ስለነበር፣ ብሩስ «የመጀመሪያው እኔ ነኝ» ማለቱ አላዋጣውም። በዕፅዋት በኩል ያስቀረው ነገር ግን እስከ ዛሬ ይጠቅማል። በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ አምስተኛ ቅጽ ውስጥ ኮሶ፣ ዋጊኖስ፣ እንሰትና ጤፍ ከነሥዕላቸው ይገኛሉ። ተቅማጥ ይዞት በነበረ ጊዜ የአገሬው ሰው የሰጠው ዋጊኖስ አድኖታል፤ ሳይንቲስቶችም ቆየት ብለው ተክሉን በብሩስ ስም ጠሩት።

እዚህ ላይ አንድ የተበደለ ሰው አለ። አብዛኛውን ሥዕል የሠራው የቦሎኛው ተወላጅ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። ባሉጋኒ እስከ ግሽ ድረስ አብሮ ተጉዞ በ1771 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ግን ከጉዞው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ፤ የሥዕሉንም ክብር ለራሱ ወሰደ። እውነቱ የወጣው ሰነዶቹ ከተመረመሩ በኋላ ነው፤ ዛሬ የባሉጋኒ የዕፅዋት ሥዕሎች አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ውስጥ በዬል ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠዋል። የኮሶ አበባ በዚያ ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ማየት የሚፈልግ የአዊ ተማሪ ሥዕሉን የሚያገኘው ኮኔቲከት ነው።

ብሩስ ስለ ኮሶ ከጻፈው ውስጥ ለዛሬ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው አንድ አጭር ምስክርነት ነው። ኮሶ በደጋው ሁሉ እንደሚበቅል ከተናገረ በኋላ፣ ለመንደሩ ሰው መድኃኒት እንዲሆን በየቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ በጽዱ መካከል፣ ተተክሎ እንደሚገኝ ይገልጻል። ማለትም አያቶቻችን አገር በቀል ዛፍን ሁሉም በሚገናኝበት ግቢ ውስጥ፣ ለሁሉም ጥቅም፣ አስበው ይተክሉ ነበር። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ኮሶ መጠጣት በየሁለት ወሩ ገደማ የሚደርስ ግዴታ ነበርና መድኃኒቱን ከደጅ ማራቅ አይቻልም። ኮሶ ወንዴና ሴቴ ለየብቻ የሆነ ዛፍ ነው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴዋ አበባ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አንድ ዛፍ ተክሎ ዘር ቢጠብቅ ድካሙ ከንቱ ይቀራል። የመንደሩ ሰው ግን ያውቀው ነበር።

ብሩስ ዛፉን በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሊጠራው ፈልጎ ነበር። ያ ስም ቀድሞ ለአውስትራሊያ ተክሎች ተሰጥቶ ስለተገኘ፣ ኮሶ በመጨረሻ ኢትዮጵያን አይቶ በማያውቅ በካርል ጎትፍሪድ ሃገን፣ በጀርመኑ የኬኒግስበርግ መድኃኒት ቀማሚ ስም ተመዘገበ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደረቀ የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር።

ዳንግላም የራሷ የተፈጥሮ ተመልካች ነበራት። እንግሊዞች የጣና ውኃ ጉዳይ ስላሳሰባቸው እዚያ ቆንስላ ከፍተው ነበር፤ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ቆንስላ የነበረው ሜጀር ቺዝማን የዓባይን ሸለቆ በእግርና በበቅሎ ዞሮ ካርታ አነሳ፣ ወፎችን ሰበሰበ፣ በ1936 እ.ኤ.አ. ስለ ጣናና ስለ ዓባይ መጽሐፍ አወጣ። ከብሩስ እስከ ቺዝማን የአዊን ተፈጥሮ በጽሑፍ ያኖሩት የውጭ ሰዎች ናቸው።

በቃል ያኖረው ግን የአገሩ ተማሪ ነው። የቆሎ ተማሪ የሚጽፍበትን ብዕር ከመቃ ይቀርጻል፣ ቀለሙን ከጥላሸትና ከቅጠል ይበጠብጣል፣ ነጠላውን በእንዶድ ያጥባል፣ የሚያድርበትን ጎጆ በቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ጥላ ሥር ይቀልሳል። ሥር ማሹና ቅጠል በጣሹ መርጌታም ዕውቀቱን የሚያስተላልፈው ለዚሁ ተማሪ ነበር። የእንዶድ ነገር ከዚያ አልፎ ዓለምን አዳርሷል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባያዩ ኖሮ፣ የብልሃርዝያን ተሸካሚ የሚገድል ተክል በደጃችን መኖሩ ሳይታወቅ በቆየ ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ደን ምን ያህል ሀብት እንደያዘ ያሳየው የዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ጥናት ነው። በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ብቻ 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት ተመዝግበዋል። በመላ አገሪቱ ካሉት ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶች ከአሥሩ አንዱ ገደማ ከዚህ አገር በቀር ሌላ ቦታ የለም። ዕፅዋቱን ሁሉ አንድ በአንድ የመዘገበው የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ ሥራ ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

ታዲያ የውጭው ዛፍ እንዴት አሸነፈ? ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ ማገዶ ላለቀባት አዲስ አበባ ሲባል ገባ፤ ቶሎ ያድጋል፣ ተቆርጦም ያቆጠቁጣል። ዲከረንስ ደግሞ ለአዊ ገበሬ ከዚያ የበለጠ ሆነለት። ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፣ በሁለተኛው ዓመት ሣሩን ለከብት ያጭዳል፣ በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከሰሉ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። በአሲድ የተጎዳ፣ እህል አልሰጥ ያለ ማሳ በዚህ ዛፍ ገንዘብ አስገኝቷል። ገበሬውን የሚወቅስ ካለ የገበሬውን ጓዳ አላየም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ተራራው ሁሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ ሲሸፈን አንድ በሽታ ይበቃዋል። በቅርብ ዓመታት የመጣው የዝገት በሽታ ይህን በዲከረንስ ማሳ ላይ በግልጽ አሳይቷል።

ኮሶ በአራት ዓመት ከሰል ሆኖ ገንዘብ አያመጣም። ስለዚህ ገበሬው ማሳው ላይ እንዲተክለው መጠበቅ አግባብ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን እንዳይቆረጡ ለይቶ ጠበቀ፤ ሕግ ግን ከመቁረጥ ይከለክላል እንጂ አይተክልም። የሚተክል ግቢ ያስፈልጋል። ብሩስ ያየው የቤተ ክርስቲያን ግቢ ሥራውን ለዘመናት ሠርቷል፤ ዛሬ በየቀበሌው ሌላ ሰፊ፣ አጥር ያለው፣ የማንም ያልሆነ የሁሉም ግቢ አለ፤ ትምህርት ቤት።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኦስትሪያ በ1869 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የትምህርት ሕግ የትምህርት ቤት አትክልት ቦታን አዝዛ ነበር፤ በእኛም አገር በንጉሡም በደርግም ዘመን የአንደኛ ደረጃ ተማሪ እርሻን ይማር፣ በግቢው መደብ ላይ ጎመንና ቀይ ሥር ያበቅል ነበር። በኋላ የአካባቢ ጥበቃ ክበባት መጡ። አዲስ አበባ ላይ መልካ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ወጣቶችን ወደ መናገሻ ሱባ ደን እየወሰደ ዛፉን በቦታው አስተማረ፤ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም አገር በቀሉን ለተማሪ እያሳየ ነው። ብዙው የገጠር ትምህርት ቤት ግን ግቢውን የሞላው በባሕር ዛፍና በግራቪሊያ ነው፤ ባሕር ዛፉ ተሽጦ ወንበር ይገዛበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባልም፣ ስንቱ የአገር ልጅ እንደሆነ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ለተክል የትምህርት ቤት የጊዜ ሰሌዳ ከብዙ ዘመቻ ይሻላል። ችግኝ የሚተከለው ተማሪው ለዕረፍት በሚበተንበት ክረምት ነው፤ የሚሞተው ግን ከኅዳር እስከ ሚያዝያ፣ ዝናቡ ሲያቋርጥና ከብቱ ሲለቀቅ። ያኔ ደግሞ ተማሪው በየቀኑ ግቢው ውስጥ ነው። አንድ ክፍል አንድ መደብ ቢይዝ፣ ከቤት በተያዘ አንድ ጆግ ውኃ ችግኙ በጋውን ያልፋል። ዝርያውን ማባዛትም ምስጢር አይደለም፤ ፕሮፌሰር ለገሰ ነጋሽ የአገር በቀል ዛፎችን ዘር እንዴት ማብቀል እንደሚቻል ለዓመታት አጥንተው በመጽሐፍ አስቀምጠዋል። የወይራ ፍሬ ጠንካራ ቅርፊቱ ካልተሰነጠቀ ያስቸግራል፤ የጥቁር እንጨት ዘር ቢቆይ ኃይሉን ያጣልና ወዲያው መዘራት አለበት። እነዚህ ለስድስተኛ ክፍል ሳይንስ የሚበቁ ጥያቄዎች ናቸው።

በአዊ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ትምህርት በአውኚ ቋንቋ ይሰጣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዛፍ ሥር የሚቆመው ሰሌዳ የአውኚውንና የአማርኛውን ስም ይያዝ፤ ስሙን ከአያቶቻቸው ጠይቀው የሚያመጡትም ልጆቹ ይሁኑ። የእንጅባራ መምህራን ትምህርት ኮሌጅና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በቅርብ አሉ፤ ዘርና ዕውቀት ለማቅረብ ርቀት የለባቸውም።

የእንጅባራና የዳንግላ ርእሳነ መምህራን፦ በመጪው በጋ የአንድ ክፍል ተማሪዎችን ይዛችሁ፣ አስተዳዳሪውን አስፈቅዳችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። ከወንዴውም ከሴቴውም ኮሶ እንዲኖራችሁ ዘሩን በርከት አድርጋችሁ ልቀሙ፤ በግቢው ጥግ መደብ ከፍላችሁ ዝሩት። ለባሕር ዛፉ ከተዋችሁት መሬት ሩቡን ለዚህ ስጡ።