የዋዜማ ገበያ

ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ነበረ፤ በምንኖርበት አገር አቆጣጠር ጃንዋሪ 6 ቀን 2025 መሆኑ ነው። ከሥራ የወጣሁት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን ፀሐይዋ ልትጠልቅ ተቃርባ፣ የሰሜን ቴክሳስ ነፋስ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። ባለቤቴ ዓርብ ዕለት ጽፋ የሰጠችኝ ወረቀት እስከዚያች ሰዓት ድረስ በካፖርቴ ኪስ ውስጥ እንደ ታጠፈ ነው፤ ሁለት ጠንካራ ዶሮ፣ ሁለት ደርዘን እንቁላል፣ አንድ ከረጢት ቀይ ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ ለአይብ የሚሆን ወተት፣ ኮረሪማ፣ እንጀራ። ነገ ገና ነው፤ በቤታችን ግን ከሽንኩርቱ ልጣጭ እንኳ አንድ የለም።

የማኪኒ ጎረቤቶቼ በዚያው ቀን የገና ዛፋቸውን ከደጃፋቸው አውጥተው ለቆሻሻ መኪና አስተኝተውት ነበር። ወደ አውራ ጎዳናው ስወጣ በአንድ መንገድ ላይ ብቻ አምስት ቆጠርኩ። ለእነርሱ ገና ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። እኔም ብሆን በእነርሱ ገና ዕለት ሆስፒታል የዋልኩት ለባልደረቦቼ ስል ነበር፤ በለውጡ የጠየቅሁት የታኅሣሥ 29ን ዕረፍት ብቻ ነው። ዋዜማውን መጠየቅ ግን አላሰብኩም።

ስለ ማኪኒ ጥቂት ልበል። ከተማዪቱም የምትገኝበት የኮሊን አውራጃም ስማቸውን ያገኙት በ1836 እ.ኤ.አ. የቴክሳስን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት ሰዎች አንዱ ከሆነው ከኮሊን ማኪኒ ነው። ጥጥ ይመረትባት የነበረች ትንሽ የገጠር ከተማ ነበረች። በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ 54 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ቆጠራ 195 ሺህ አለፈች። እኛም ከዚያ ጭማሪ ውስጥ ነን። ቤት ርካሽ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው ተብለን ከዳላስ ወደ ሰሜን ስንሸሽ ግን ቤተ ክርስቲያኑንም የሐበሻ ሱቁንም ከኋላችን ትተን ነው የሸሸነው። ስለዚህ ለበዓል ስንል በአውራ ጎዳና 75 ወደ ደቡብ ወደ ጋርላንድ እንወርዳለን፤ ያውም ሁሉም ሰው ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት።

በመንገዱ ጭንቅንቅ ውስጥ ቆሜ፣ ስለ ራሳችን የምንናገረውን ነገር አሰላሰልኩ። ሐበሻ የመጨረሻዋን ደቂቃ ይወድዳል እንላለን፤ ልጆቻችን ፊት ሳይቀር በዚህ እንቀልዳለን። በበኩሌ በዚህ ፍርድ አልስማማም። የገና ገበያ ከጥንቱም የዋዜማ ገበያ ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም ነበር። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ይገባል። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ድረስ ከጿሚ ቤት ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ይወጣሉ። ማቀዝቀዣ በሌለበት አገር ለአርባ ቀን የማይበላውን ነገር አስቀድሞ ገዝቶ የሚያኖር ማን ነው? ዶሮውም በጉም በሕይወት ነው የሚገዛው፤ ቀደም ብሎ የገዛ ሰው በየቀኑ ጥሬ ሲበትንና ሣር ሲያጭድ መክረሙ ነው። ስለሆነም የከተማው ሕዝብ በሙሉ በአንድ ቀን፣ ከዚያም በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ገበያ ይወጣል።

ይህ ለአዲስ አበባ እጅግ የቆየ ነገር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ታላቁ ገበያ የነበረው በአራዳ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ነበር። ገዢው ግማሹን በጠገራ ብር ግማሹን በአሞሌ ጨው እየከፈለ ይሸምት ነበር። ከገበያው ስም የወጣው “አራዳ” የሚለው ቃል ዛሬ ብልጥና ዓይነ ገብ ለሆነ የከተማ ልጅ ማሞገሻ መሆኑ፣ እዚያ ቦታ ላይ ሳይታለሉ መገበያየት ምን ያህል ሙያ ይጠይቅ እንደነበር ሳይመሰክር አይቀርም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአገሬውን ሰው ከነጮቹ ሰፈር ለማራቅ ሲሉ ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፉት፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ያ ነው። እኔ ያደግሁበት ግን የሾላ ገበያ ነው። የሸኖ ቅቤ በቅል ሆኖ፣ የደብረ ብርሃን በግ በእግሩ እየተነዳ የሚደርስበት በዚያ በኩል በመሆኑ፣ በበዓል ሰሞን ጠረኑ ከሩቅ ይጠራል።

በዋዜማ ገበያ ውስጥ ሁለት ገበያዎች አሉ። የጠዋቱ የባለጠጎች ነው፤ ዶሮውን አንሥቶ መዝኖ፣ ደረቱን ዳስሶ፣ ላባውን ገልጦ የሚመርጥ ገዢ ያን ጊዜ ይመጣል። የማታው የድኾች ነው። ከገጠር የመጣው ሻጭ ያልተሸጠለትን ዶሮ ተሸክሞ ሌሊት መንገድ መሄድን ስለሚፈራ፣ ፀሐይ ባዘቀዘቀች ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። ብልኅ እናት ጥግ ይዛ ትጠብቃለች። እጅግ ብትጠብቅ ደግሞ ዶሮው ያልቅባታል። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ቻርልስ ዲከንስ በ1843 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የገና ታሪኩ ውስጥ ያ ስስታም ሽማግሌ ልቡ ሲመለስለት ልጅ ልኮ ትልቁን የቱርክ ዶሮ የሚያስገዛው በበዓሉ ዕለት ጠዋት ነው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ድኾች ደግሞ ምድጃ ስለሌላቸው ዝያቸውን የሚያስጠብሱት በዳቦ ጋጋሪ ዘንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ በዓሉ ራሱ የተከለከለበት ጊዜ ነበር። የማሳቹሴትስ ፒዩሪታኖች ከ1659 እስከ 1681 እ.ኤ.አ. ገናን የሚያከብር ሰው አምስት ሽልንግ እንዲቀጣ ደንግገው ነበር፤ ገና የፌዴራሉ መንግሥት በዓል የሆነው በ1870 እ.ኤ.አ. ነው።

ጎረቤቶቼ ዛፋቸውን በሚጥሉበት ቀን እኔን ለገበያ ያስሮጠኝ ደግሞ የ1582 እ.ኤ.አ. ጉዳይ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ አቆጣጠሩን ለማረም ብለው በዚያ ዓመት ኦክቶበር 4 ያደረችው ዓለም ማግስቱን ኦክቶበር 15 ብላ እንድትነሣ አዘዙ። እኛ አልተቀበልንም። ያን ጊዜ አሥር ቀን የነበረው ልዩነት ዛሬ አሥራ ሦስት ደርሷል፤ ከ2101 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገናችን በእነርሱ ጃንዋሪ 8 ላይ ይውላል። የልጅ ልጆቻችን ያን ጊዜ ለአለቆቻቸው እንዴት እንደሚያስረዱ እነርሱ ይወቁበት። “ገና” የሚለው ቃል ልደት ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው ይባላል። በአማርኛችን ግን “አልደረሰም” ማለትም ስለሆነ፣ በየዓመቱ እናቴ “ገበያውስ?” ስትለኝ “ገና ነው” ብዬ የምመልሰው ሁለት ትርጉም አለው።

እናቴ ግን በዚህ ቀልድ አትስቅም።

ታኅሣሥ 28 ቀን 1970 ዓ.ም. ዓርብ ነበረ። አባቴ አሥር አለቃ ነው፤ የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ክረምት ኦጋዴን ከገባ ወዲህ በሐረር በኩል ዘምቶ ነበር። ለገና ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል የሚል ቃል ከግንባር በመጣ ሰው በኩል ደረሰን። እናቴ ያላት ገንዘብ ለአንድ ዶሮ ብቻ የሚበቃ ነው። እርሱ ከመጣ ዶሮ ይሠራል፤ ካልመጣ ገንዘቡ ለወሩ ጤፍ ይሆናል። ስለዚህ ጠበቀች። ጠዋት አልሄደችም፤ ቀትር ላይም በሩን እያየች አልሄደችም። ሰዓት እላፊ በታወጀበት በዚያ ዘመን የማታው ገበያ፣ የድኾቹ ገበያ፣ ከልማዱ ቀድሞ ይበተን ነበርና አሥራ አንድ ሰዓት ግድም እጄን ይዛ በሩጫ ሾላ አወረደችኝ። ቀይ ሽብር የተፋፋመበት ወር ነው። በአንድ ማዕዘን ላይ ስንደርስ ፊቴን ወደ ነጠላዋ አዙራ ያዘችኝ፤ እስክናልፍ ድረስ አልለቀቀችኝም። ምን እንደነበረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ገበያው ላይ ሦስት ሻጮች ቀርተው ነበር። ገብስማ አውራ ዶሮ ገዛች፤ ሳትከራከር። እናቴ ዋጋ ሳትከራከር ስትገዛ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዶሮውን እኔ በብብቴ ታቅፌ ተመለስኩ፤ ልቡ በጎድኔ ላይ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

አባቴ አልመጣም። በእኛ ልማድ ዶሮ የሚያርድ ወንድ ነው፤ ጎረቤት አቶ እገሌን መጥራት ይቻል ነበር፣ ሌላ ጊዜ እንደዚያ እናደርጋለን። እናቴ ግን “ይቆይ፣ አባትህ ያርደዋል” አለች። ገናን በሽሮ ፈታን። ጥምቀትም አለፈ። የካቲት 26 ቀን ጅጅጋ ከወራሪው እጅ ተለቀቀች ተብሎ በራዲዮ ሲነገር ዶሮው በግቢያችን ውስጥ ይጮኽ ነበር። መርዶው የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በመጋቢት ነው። ለፋሲካ ዶሮውን አንሥታ ለጎረቤት ሰጠችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። እንደ እኔ አባታቸውን በዚያ ጦርነት ካጡት ልጆች ጋር ወደ ኩባ፣ ወደ ወጣቶች ደሴት ተላክሁ፤ ሕክምናም የተማርኩት እዚያው ነው። ኩባ ውስጥ ገና አልነበረም። ፊደል ካስትሮ ለሸንኮራ አገዳው ምርት ሲሉ በ1969 እ.ኤ.አ. ከበዓላት ዝርዝር ፍቀውት ነበር፤ የተመለሰው በ1997 እ.ኤ.አ.፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ አገሪቱን ሊጎበኙ ሲሉ ነው። ምግቡም ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በራሽን ደብተር ነበር። እናቴ በምትጽፍልኝ ደብዳቤ የቀበሌውን ሱቅ ሰልፍ፣ የስኳሩንና የዘይቱን መጠን ስትነግረኝ እኔም የእኛን እጽፍላታለሁ፤ በሁለት ውቅያኖስ ማዶ ሆነን ስለ አንድ ዓይነት ወረፋ እንነጋገር ነበር። እህል ያለ ፈቃድ ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እንዳያልፍ በየኬላው ይፈተሽ በነበረበት ዘመን፣ አክስቴ ለገና ከገጠር ይዛ የመጣችውን ጤፍ ኬላ ላይ ተቀማች። ኬላው የላላው በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ ነው። የገና ገበያ በዋዜማው እንኳ ነጻ ያልነበረባቸው ዓመታት መሆናቸውን የዛሬ ወጣት አያውቅም።

ጤፍን ካነሣሁ፣ ለእኛ ለስደተኞቹ የመጣበት መንገድ ራሱ ታሪክ ነው። ቀደም ብለው አሜሪካ የገቡት ወገኖቻችን እንጀራ የሚጋግሩት በስንዴ ዱቄት ነበር። በኢትዮጵያ የሠራው ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአይዳሆ ግዛት ጤፍ ማምረት ጀመረ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1998 ዓ.ም. ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከከለከለና እገዳውንም በ2015 እ.ኤ.አ. በከፊል ካነሣ በኋላ፣ የአይዳሆው ጤፍ በብዙ ማዕዳችን ላይ ጸንቶ ቆይቷል። እናቴ “የፈረንጅ ጤፍ” ትለዋለች፤ ትበላዋለች።

ጋርላንድ የደረስኩት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ነው። ሱቁ ሊዘጋ ትንሽ ቀርቶታል፤ ውስጡ ግን ሾላ ነው። የሆስፒታል ልብሷን ያልቀየረች ነርስ፣ መኪናውን ሞተሩን ሳያጠፋ ያቆመ ባለ ታክሲ፣ ልጇን በጋሪ ላይ ያስቀመጠች እናት፣ ሁሉም እንደ እኔ ወረቀት ይዘዋል። ሽንኩርቱን፣ ቅቤውን፣ ኮረሪማውን ለቃቀምኩ። ከማቀዝቀዣው ሥር ሁለት ጠንካራ ዶሮ ቀርቶ ነበር፤ ሁለቱንም ቅርጫቴ ውስጥ ከተትኩ። ከኋላዬ አንዲት ነጠላ የለበሱ አሮጊት ቆመው የባዶውን ማቀዝቀዣ ክዳን ይዘዋል።

“አለቀ እንዴ የኔ ልጅ?” አሉኝ።

“አንድ ዶሮ አለ እማማ፣ እርስዎ ይውሰዱት” ብዬ አንዱን አወጣሁላቸው።

“አንተስ?”

“ለእኛ አንዱ ይበቃናል።”

“ተባረክ፤ እንኳን አደረሰህ” አሉና ዶሮውን እንደ ሕፃን በነጠላቸው ጫፍ ያዙት።

ማኪኒ ስመለስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሽንኩርቱ እስኪበስል ሁለት ሰዓት፣ ወጡ እስኪንተከተክ ሌላ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፤ ባለቤቴ አንዲት ቃል ሳትናገር ሽንኩርቱን መላጥ ጀመረች፤ ያም ዝምታ ቢሆን ከቁጣ አይተናነስም። እናቴ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ በመስኮቱ በኩል መኪና መንገዱን ስታይ እንደዋለች ልጄ ነገረችኝ። ለስኳር በሽታዋ መድኃኒት ስለምትወስድ ጾሙን እንድትተው ሐኪሟ መክሯት ነበር፤ ሐኪሙ ግን እኔ አይደለሁም፣ ብሆንም አትሰማኝም።

“መሸብህ” አለችኝ።

“መንገዱ ነው እማዬ።”

“አገኘህ?”

“አንድ።”

አንዱን ዶሮ ከፕላስቲኩ አውጥታ በሎሚና በጨው ታጥበው ጀመር። የታረደ፣ የተነጨ፣ በበረዶ የከረመ ዶሮ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚታረድለት ነገር የለም። አሥራ ሁለቱን ብልት ለማውጣት ሰሌዳው ላይ ካስቀመጠችው በኋላ ግን ቢላዋውን አላነሣችም። እጇን በፎጣ ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች፤ ካፖርቴን እንኳ አላወለቅሁም። ቢላዋውን በስለቱ በኩል ይዛ፣ እጀታውን ወደ እኔ አድርጋ ዘረጋችልኝ።

“በስመ አብ ብለህ ጀምርልኝ” አለች።