ድረ ገጽ በምን እንደ ተሠራ ስለ መለየት፤ ከጠገራ ብር እስከ አማርኛ ፊደል

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባለው ደጋ አገር የሚገኘው ሮብ ገበያ ስሙን ከየትኛው ዕለት እንዳገኘ ስሙ ራሱ ይናገራል። በእንዲህ ያለ የጎጃም ገበያ የዋለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ገዢ «ይህ ጤፍ የየት አገር ነው?» ብሎ ሻጩን ቢጠይቅም የተነገረውን አምኖ አይቀበልም፤ ዘግኖ በመዳፉ ላይ ያየዋል፣ እፍ ይለዋል፣ በጥርሱ ይሞክረዋል። ዕቃው ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ከባለቤቱ ቃል ይበልጣልና ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይኸው የገበያ ጥበብ በዘመናችን ድረ ገጾችን ለመመርመር እንዴት እንደ ዋለ፣ ለአገራችን ፊደልም ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት እንሞክራለን።

አስቀድመን ስለ ጠገራ ብር ጥቂት እንበል። የማሪያ ቴሬዛ ብር እቴጌይቱ ከሞተችበት ከ1780 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ወዲህ የትም ቢታተም፣ መቼም ቢታተም፣ በላዩ የሚነበበው ዓመት ያው 1780 ነው። ከቪየና ሌላ እ.ኤ.አ. በ1935 ሮም፣ በ1936 ለንደን ማተም ጀመሩ፤ ፓሪስ፣ ብሩክሰል፣ ቦምቤይና በርሚንግሃምም ተከተሉ። እንግዲህ ብሩ ስለ ትውልዱ የሚሰጠው የጽሑፍ ማስረጃ ምንም አይረባም ማለት ነው። ሊቃውንቱ የየማተሚያ ቤቱን ሥራ የሚለዩት በትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ የዕንቁ ነጥቦች፣ በንስሩ የጅራት ላባዎችና ይህን በመሳሰለው ጥቃቅን ነገር ነው። የአገራችን ነጋዴዎችም ከሊቃውንቱ ቀድመው ነጥቡን ይቆጥሩ ነበር፤ ነጥቡ የጠፋበትን ብር አንቀበልም ይሉ እንደ ነበር ይታወቃል። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ በፓሪስ ያሳተሙት ብር ጠገራውን ከገበያ ለማስወጣት የተቸገረበት አንዱ ምክንያት ይኸው የዓይን ልማድ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንገምታለን።

ወደ ድረ ገጽ እንመለስ። አንድ አንባቢ ገጽ ሲጠይቅ ሰርቨሩ የሚልክለት የሚነበበውን ጽሑፍ ብቻ አይደለም። ከጽሑፉ በፊት ራስጌ የሚባል መልእክት ይደርሳል፤ በዚያም ውስጥ ብዙ ጊዜ የሰርቨሩ ፕሮግራም ስም ይገኛል። በገጹ ስውር ክፍል ደግሞ «ጄኔሬተር» የተባለ ምልክት ገጹን የሠራውን መሣሪያ ይጠራል። ይህ ሁሉ ቢደበቅ እንኳ የመዝገቦቹ ስም ያጋልጣል፤ ሥዕሎቹ «ደብልዩፒ-ኮንቴንት» ከሚባል ማኅደር የሚመጡ ከሆነ ገጹ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው በዎርድፕረስ የተሠራ መሆኑን ለመጠርጠር በቂ ነው። ኔትክራፍት የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በነሐሴ ወር 1995 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያውን ቆጠራ ሲያደርግ በዓለም ላይ ያገኛቸው ድረ ገጾች 18,957 ብቻ ነበሩ፤ የጠየቃቸውም ጥያቄ ይኸው «በምን ፕሮግራም ትሠራላችሁ?» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ቢልትዊዝ፣ ዋፓላይዘርና ዋትዌብ የተባሉት መሣሪያዎች ብዙ መቶ ምልክቶችን በዝርዝር ይዘው ገጹን ከዝርዝሩ ጋር ማስተያየት ጀመሩ። ዋፓላይዘር ዝርዝሩን ለሁሉ ክፍት አድርጎ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ዘጋው፤ ተማሪዎች ለሆንን ለእኛ ይህ ትንሽ ኪሳራ አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር ግን እነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ ለእኛ አገር አንዱን ትልቅ ጥያቄ አይመልሱም። ይኸውም፤ ገጹ የተጻፈበት ፊደል በምን ተሠራ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀድሞው ዘመን አንድ የኮምፒዩተር ፎንት የነበረው ቦታ 256 ነው፤ ከዚያም ከፊሉ ለማሽኑ ትእዛዞች የተያዘ ነው። የአማርኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዙና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ ባለ ሙያዎቻችን በየፊናቸው መላ መቱ። አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈሉት፤ ሌሎቹ ደግሞ የፊደሉን አካልና ቅጥሉን ለያይተው አስቀምጠው በጽሑፍ ጊዜ እንዲገጣጠሙ አደረጉ። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያወጡት ሴራ የተባለው ዘዴ ግን ግእዙን በላቲን ፊደል ወክሎ ማስተላለፍን መረጠ። ፓወር ግእዝ፣ ቪዥዋል ግእዝ፣ አጋፋሪ፣ ዋሽራ እየተባለ ስሙ በዛ። ማን ቀደመ የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ እንተወው፤ ለእኛ የሚያሳስበን በአንዱ ፎንት «ለ» የሆነው ቁጥር በሌላው «መ» መሆኑ ነው። የኢንተርኔት አገልግሎት በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1997 ለሕዝብ ሲከፈት የአማርኛ ገጽ ለማንበብ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የጸሐፊውን ፎንት መጫን ግድ ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግእዝ ፊደል 345 ምልክቶችን የያዘ የራሱ ቦታ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ የተጻፈውን ለይቶ ማወቅ ቀላል ነው፤ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ የመጀመሪያው ባይት 225፣ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141 ባለው ውስጥ ነው። ይህን ያየ ስክሪፕት አይሳሳትም። ችግሩ ከዚያ በፊት ባለው ነው።

ወደዚህ ሥራ የገባነውም በአንድ ፍሎፒ ዲስክ ምክንያት ነው። ሮብ ገበያ አካባቢ ያስተምሩ የነበሩ አንድ መምህር፣ ሽማግሌዎች ስለ አጥቢያው ምንጮች፣ ስለ ርስት ወሰንና ስለ አድባራቱ የነገሯቸውን ቃል ጽፈው እንደ ድረ ገጽ አዘጋጅተውት ኖሯል። ሽማግሌዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። መዝገቡን ስንከፍተው ያገኘነው ነጥብና ጭረት የተደፋባቸው የላቲን ፊደሎች ክምር ነው፤ የፎንቱ ስም ያለበት ምልክት መዝገቡ ከማሽን ወደ ማሽን ሲገለበጥ ተቆርጦ ቀርቷል። መምህሩም በየትኛው እንደ ጻፉት አላስታወሱም፤ «ልጆቼ፣ ቢሮ የነበረው ማሽን ላይ ነው የጻፍሁት» ከማለት ሌላ መልስ አልነበራቸውም።

መጀመሪያ የጻፍነው ስክሪፕት የፎንት ስም የሚፈልግ ስለ ነበረ ምንም አላገኘም። ቀጥለን የየፎንቱን የፊደል ሠንጠረዥ ሰብስበን መዝገቡን በሁሉም እያስነበብን ውጤቱን በዓይናችን ለመዳኘት ሞከርን፤ ሦስት ቀን ፈጀብን፣ በመጨረሻም እርስ በርሳችን ተጣላን። ከእኛ አንዱ የጠገራውን ብር ያነሣው በዚህ ጊዜ ነው። ነጥቡን እንቁጠር አለ። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር እጅግ ብዙ ጊዜ «ነው» ብሎ በአራት ነጥብ ያበቃል፤ ስለዚህ ፎንቱ ምንም ይሁን ምን፣ በአንቀጾች መጨረሻ ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ዓይነት የቁጥር ተርታ መኖር አለበት። እንዲሁም ሳድሶቹ «ን»፣ «ት»፣ «ም» እና «ው» በቃል መድረሻ ይበዛሉ። ስክሪፕቱን እንደገና ጻፍነው፤ በየሠንጠረዡ እያነበበ ስንት ቃል በ«ን»፣ ስንት አንቀጽ በ«ነው» እንዳለቀ ይቆጥርና ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል። አንዱ ሠንጠረዥ ከሌሎቹ በግልጽ በለጠ፤ ክምሩም አማርኛ ሆነ።

ሆኖም ስክሪፕታችን ሁለት ጊዜ አሳፍሮናል። ለሙከራ በሰጠነው ሌላ ገጽ ላይ «አማርኛ የለበትም» ሲል ፈረደ፤ ስናየው ጽሑፉ ሁሉ እንደ ሥዕል የተቀመጠ ነበር። በሌላው ደግሞ ሁለት ፎንት ተቀላቅሎበት ግማሹን ብቻ አነበበ። ሕያው የሆኑ ድረ ገጾችን ስንመረምርም የሰርቨሩን ስም ሆን ብለው የሚሰውሩ አስተዳዳሪዎች አጋጥመውናል፤ የፕሮግራሙን እትም ማሳወቅ ለሰርጎ ገቦች በር ማሳየት ስለሆነ አንፈርድባቸውም። እኛም ገጹ ለማንም አንባቢ ከሚልከው በቀር ሌላ አልጠየቅንም።

ከመምህሩ መዝገብ ያልተፈታው አንድ የምንጭ ስም ነው። የመጀመሪያው ፊደል ባይቱ ተበላሽቶ «ቀ» ወይም «ቸ» ሊነበብ ይችላል። በአንድ ሮብ ቀን ወደ ገበያው ወርደን ሁለት አባቶችን ጠየቅን፤ አንደኛው በ«ቀ» ነው አሉ፣ ሁለተኛው በ«ቸ» ነው ብለው ተቆጡ። በግልባጩ ላይ ሁለቱንም ጽፈናል።