ደረቅነት

ደረቅነት ድርቅ አይደለም። ድርቅ መጥቶ የሚያልፍ የዝናብ እጥረት ነው፤ ደረቅነት ግን የቦታው ቋሚ ጠባይ በመሆኑ የአፋር ረባዳ ምድር ደህና በዘነበበት ዓመትም ደረቅ ይባላል። ዝናብ ብቻውን አይለካውም፤ ሙቀቱም ይታሰባል። ፈረንሳዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ኢማኑኤል ደ ማርቶን በ1926 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር ቀላል ነው፦ የዓመቱ ዝናብ በሚሊ ሜትር ተወስዶ፣ በአማካይ ሙቀቱ ላይ 10 ሲደመር ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። 600 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ20 ዲግሪ 20 ሲሰጥ፣ ያው ዝናብ በ30 ዲግሪ ወደ 15 ይወርዳል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት መለኪያ ደግሞ ዝናቡን ሊተን ለሚችለው ውሃ ያካፍላል፤ ውጤቱ ከ0.65 በታች ከሆነ አካባቢው ከደረቅ ምድር ይመደባል።

ቁጥሩን ካርታ የሚያደርገው የጂኦግራፊያዊ መረጃ ሥርዓት (ጂ.አይ.ኤስ.) ነው። በሜትሮሎጂ ጣቢያዎች መካከል ያለውን ክፍት ቦታ በስሌት ይሞላል፤ ፈተናውም እዚሁ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ጣቢያዎቹ በከተሞችና በዋና መንገዶች ዳር ስለሚበዙ ሰፊው ቆላ በጥቂት ቁጥሮች ይሣላል። የከፍታ መረጃ ካልታከለበት ደግሞ ደጋውና ከሥሩ ያለው ሸለቆ አንድ ቀለም ይቀባሉ።