የሴሊያክ ሕመምተኛ ማገገሙ የሚታወቅበት መንገድ፦ ከጎንደር ደጋማ አካባቢ አመጋገብ አንጻር

ሴሊያክ በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን የሚቀሰቅሰው የዕድሜ ልክ ሕመም ነው። የሰውነት መከላከያ ኃይል ለግሉተን በሚሰጠው የተዛባ ምላሽ የገዛ ራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። ቪላይ የሚባሉትና ንጥረ ምግብን ወደ ደም የሚያስተላልፉት ጣት መሰል ጥቃቅን ቅርጾች በጥቃቱ ያጥራሉ፤ ሲብስም ጨርሰው ይጠፋሉ። ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ መክሳት፣ የደም ማነስና የአጥንት መሳሳት ይከተላሉ፤ ሕፃናት ደግሞ ዕድገታቸው ይቀጭጫል።

ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ስንዴ ሲወገድ ሕፃናቱ እንደሚያገግሙ አሳይተዋል። እስከ ዛሬም ዋናው ሕክምና ግሉተንን ለዕድሜ ልክ መተው ነው። ይሁን እንጂ ምግቡን መለወጥ አንድ ነገር ነው፤ አንጀቱ መዳኑን ማረጋገጥ ሌላ። ማገገም የሚታየው ከአራት አቅጣጫ ነው፦ ከስሜትና ከሰውነት አቋም፣ ከደም አንቲቦዲ፣ ከአንጀት ናሙናና ከታካሚው ማዕድ።

ስሜትና የሰውነት አቋም

ብዙ ታካሚዎች ግሉተን በተዉ በሳምንታት ውስጥ ተቅማጡ ይቆምላቸዋል፤ የምግብ ፍላጎታቸውና ጉልበታቸውም ይመለሳል። በየቀጠሮው ክብደት ይመዘናል፤ የሕፃናት ቁመትም ይለካል። ነገር ግን ተሻለኝ ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ድሮውንም ምልክቱ ቀላል የነበረ ሰው አንጀቱ እየተጎዳ ደህና ነኝ ሊል ይችላል።

ስለዚህ ሄሞግሎቢን፣ የአይረን ክምችት፣ ፎሊክ አሲድ፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም፣ የጉበትና የታይሮይድ ምርመራዎች አብረው ይታያሉ። እዚህ ላይ የጎንደር ደጋ ሁለት ጉዳዮችን ያነሳል። አንደኛው ከፍታ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፤ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። በከፍታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ በተፈጥሮው ከፍ ሊል ስለሚችል ለቆላ የወጣ መለኪያ የደም ማነሱን ሊሸፍነው ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ውጤቱ በከፍታ ልክ እንዲታረም ይመክራል። ሁለተኛው ጾም ነው። ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ በመሆኑ ረጅም አጽዋማትን የሚጾም ታካሚ ቢ12ቱ ዝቅ ቢል አንጀቱ አልዳነም ብሎ ከመደምደም በፊት አጿጿሙን መጠየቅ ይገባል።

የደም አንቲቦዲ

ለክትትል በብዛት የሚያገለግለው ቲሹ ትራንስግሉታሚኔዝ በተባለው ኤንዛይም ላይ የሚነሳው የአይጂኤ አንቲቦዲ ነው። ኤንዛይሙ የበሽታው ዒላማ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ በ6ኛውና በ12ኛው ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። ወሳኙ የአንድ ቀን ቁጥር ሳይሆን አካሄዱ ነው፤ መጠኑ መጀመሪያ ላይ በጣም ከፍ ያለ ከነበረ ወደ ጤናማው ልክ ለመውረድ ከ1 ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ከወረደ በኋላ እንደገና ከወጣ ግን ግሉተን ወደ ማዕዱ ተመልሷል ማለት ነው። አይጂኤ በተፈጥሮ የሚጎድላቸው ታካሚዎች በአይጂጂ አንቲቦዲ ይመረመራሉ።

ምርመራው ድክመት አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የጥናቶች ድምር ትንተና እንዳሳየው፣ ከግሉተን ነጻ ምግብ እየተመገቡ ቪላያቸው ገና ያልዳነ ታካሚዎችን የሚለየው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። ሰገራና ሽንት ውስጥ የግሉተን ቁርጥራጮችን የሚፈልጉ አዳዲስ ምርመራዎች በቅርብ ሰዓታት ወይም ቀናት ግሉተን መበላቱን ይጠቁማሉ፤ አንጀቱ ስለ መዳኑ ግን አይመሰክሩም።

የአንጀት ናሙና

የመጨረሻው ዳኛ በኢንዶስኮፒ የሚወሰድ ናሙና ነው። አንጀት የሚድነው ከስሜትም ከአንቲቦዲም ዘግይቶ ነው። በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ጎልማሶችን ሲከታተል ቪላያቸው በ2 ዓመት የዳነላቸው 34 በመቶ፣ በ5 ዓመት 66 በመቶ ነበሩ። ሕፃናት በፍጥነትም በተሟላ ሁኔታም ይድናሉ። ስለዚህ ደህና ለሆነና አንቲቦዲው ለወረደ ሕፃን ናሙና መድገም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ምልክቱ ላልጠፋለት ወይም ክብደቱና ደሙ ላልተመለሰለት ጎልማሳ ግን ያስፈልጋል።

ማዕዱና የዱቄቱ መንገድ

ሰሜን ጎንደር የገብስ አገር ነው። በደባርቅ፣ በዳባትና በጃናሞራ ደጋ የገብስ እንጀራ፣ በሶ፣ ቆሎና ጠላ የዕለት ምግብና መጠጥ ናቸው። በጎንደር ፒያሳ ካፌዎች ደግሞ ከማኪያቶ ጋር የሚቀርቡት ኬክ፣ ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ የስንዴ ናቸው፤ ቦምቦሊኖ በተጠበሰበት ዘይት የተጠበሰ ድንችም ንጹሕ አይደለም። ጠላ በገብስ ብቅል ስለሚጠመቅ ይከለከላል፤ ከማር፣ ከውኃና ከጌሾ ብቻ የተጣለ ጠጅ ግን ግሉተን የለውም።

መልካሙ ነገር ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላና በቆሎ ከግሉተን ነጻ መሆናቸው ነው። የላይደን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ባወጡት ጽሑፍ 14 የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው በሽታውን የሚቀሰቅስ ግሉተን እንዳላገኙባቸው አስታውቀዋል።

አደጋው ያለው ጤፉ እንጀራ እስኪሆን በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ከግሉተን ነጻ ለተባለ ምግብ ዓለም አቀፉ ገደብ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ነው። በቀን 50 ሚሊ ግራም ግሉተን ለወራት ከተበላ አንጀትን እንደሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ይህም ግማሽ ግራም ገደማ የስንዴ ዱቄት ውስጥ ያለ መጠን ነው። በቀን ግማሽ ኪሎ የጤፍ ዱቄት የሚያህል እንጀራ የሚበላ ሰው ዱቄቱ ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ ገብስ ቢኖርበት ይህን መጠን በብዙ እጥፍ ያልፋል።

ስለዚህ የክትትል ጥያቄ በጥቅሉ «ጤፍ ትበላለህ ወይ?» መሆን የለበትም። ጤፉ ከገብስ ጋር በአንድ አውድማ ተወቅቷል? የተገዛው በእህሉ ነው ወይስ ተፈጭቶ? ወፍጮው ከዚያ በፊት ምን ፈጨ? እርሾው ከማን ቤት መጣ? ድብልቅ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ቡሃቃ ውስጥ የቀረ እርሾ ንጹሑን የጤፍ ሊጥ ይበክለዋል። ጤፍ በእህሉ ሲገዛ ግን መፍትሔ አለ፤ ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ በወንፊት ሲነፋ ጤፉ ይወርዳል፣ ገብሱና ስንዴው ከላይ ይቀራል። ወፍጮ ቤት ከተጠረገ በኋላ በቅድሚያ ማስፈጨት፣ ወይም መጀመሪያ ማሽላ አስፈጭቶ የወጣውን ዱቄት ለሌላ ማዋል ብክለቱን ይቀንሳል። የቅዱስ ቁርባን ኅብስት ከስንዴ የሚዘጋጅ በመሆኑም ታካሚው ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ መነጋገሩ ይመከራል።

ሳይሻል ሲቀር

ሕመሙ ካልተሻለ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሳይታወቅ የሚበላ ግሉተን ነው። ቀጥሎ ጃርዲያና ሌሎች የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን በሰገራ ምርመራ ይፈተሻሉ፤ ጃርዲያ ራሱ ቪላይን ሊያሳጥር ስለሚችል የናሙናን ንባብም ያሳስታል። የአንጀት ቲቢ፣ ኤች.አይ.ቪ. እና የወተት ስኳር አለመስማማት መታሰብ አለባቸው። ይህ ሁሉ ተጣርቶ፣ አመጋገቡም ጥብቅ ሆኖ ከዓመት በኋላም ምልክቱ ካልጠፋና ቪላዩ ካልዳነ ለሕክምና አሻፈረኝ ያለ ሴሊያክ ይባላል፤ ይህ ዓይነቱ ወደ አንጀት ሊምፎማ ሊያመራ ስለሚችል ወደ ስፔሻሊስት ይላካል።

ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸው ታካሚዎች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። ሁለቱ ሕመሞች በኤች.ኤል.ኤ. የዘር ክፍል ተጋላጭነትን ይጋራሉ፤ በዓለም ደረጃ ከ100 የዓይነት 1 ስኳር ሕሙማን 6 ያህሉ ሴሊያክም አለባቸው። አንጀታቸው ሲድን ምግቡ በደንብ ስለሚሰርጽ የኢንሱሊን መጠናቸው እንደገና መስተካከል ያስፈልገዋል።

በጥቅሉ ከአራቱ መለኪያዎች አንዱም ብቻውን አይበቃም። ናሙናና አንቲቦዲ በየቀጠሮው በማይገኙበት አካባቢ ግን ክብደትን መመዘን፣ ሄሞግሎቢንን ከፍታን አገናዝቦ ማንበብና ዱቄቱ ከአውድማ እስከ ምጣድ ያለፈበትን መንገድ አንድ በአንድ መጠየቅ ማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊያደርገው የሚችል ነው፤ ክትትሉም ከዚያ መጀመር አለበት።