ዘንዶን መቀለብ

የአክሱምን ጥንተ ነገር የሚያወሱ ትረካዎች፣ ከንግሥተ ሳባም ከቀዳማዊ ምኒልክም አስቀድመው አንድ ዘንዶ ዙፋን ላይ ያስቀምጣሉ። ስሙ አርዌ ነው። ሕዝቡ በየጊዜው ፍየልና በግ፣ ሲብስም ልጃገረድ እያቀረበ ይቀልበው ነበር ይባላል። በኋላ አንጋቦ የሚባል ሰው ተነሣና፣ በአንደኛው ትረካ መሠረት፣ መርዝ የበላ ፍየል አጉርሶ ገደለው፤ በቦታውም ነገሠ። ይህን ያላነበበ ሰው እንኳ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሸራ ላይ በተርታ ተሥሎ ሳያየው አይቀርም። ከመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ላይ የምናገኘው ዘንዶውንና ቀለብ አቅራቢዎቹን ነው፤ ንግሥቲቱ የምትመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ዘንዶ መቀለብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳው ነገር ዘንዶን ወድዶ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ቤት ሠርቶ መቀለብ ነው። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባሕር ማዶ የሚያድግ የዘመዴ ልጅ ወላጆቹ «ጢማም ዘንዶ» እንደገዙለት በስልክ ሲያበሥረኝ፣ አስከትሎ «ጋሼ፣ መርሳ ውስጥስ ዘንዶ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ አጭር መስሎኝ ነበር። ነገሩን እየተከተልኩ ስሄድ ግን ከካባችን ድንጋይ ተነሥቼ ላሊበላ፣ ደብረ ዳሞ፣ ስድስት ኪሎና አርባ ምንጭ ደረስኩ።

የካቡ ዘመድ

ለመሆኑ ጢማም ዘንዶ ምንድን ነው? ስሙ ያስፈራል እንጂ እንሽላሊት ነው። አገሩ የአውስትራሊያ መካከለኛና ምሥራቃዊ ደረቅ ምድር ነው። ከእንቁላሉ ሲወጣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ሲያድግ ከነጅራቱ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ሲቆጣ ወይም ሲፈራ ጉሮሮውን ነፍቶ ያጠቁረዋል፤ እሾሃማው ቆዳ ያን ጊዜ ጢም ይመስላል። ሳይንሳዊ ስሙ «ፖጎና» የመጣውም ጢም ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። ዛሬ በየቤቱ የሚረባውን ዓይነት የገለጸው አል የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1926 ነው።

መርሳ ያደገ ሰው የዚህን እንስሳ ጠባይ ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። መርሳ ከወልድያ በስተደቡብ፣ በደሴ መንገድ ላይ ያለች የሐብሩ ወረዳ ከተማ ናት። ምድሯ ሞቃት ነው፤ ማሽላና ጤፍ፣ ብርቱካንና ማንጎ ታበቅላለች። በዚህ አገር ረፋድ ላይ ፀሐይ ካቡን ስትመታው፣ አንድ ሸካራ እንሽላሊት ከድንጋይ ስንጥቅ ወጥቶ አናት ላይ ይሰየማል፤ ራሱን ከፍ ዝቅ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ልጆች ሳለን «ይሰግዳል» እንል ነበር። ነገሩ ስግደት ሳይሆን ወንዱ ለሌላው ወንድ «ይህ ድንጋይ የእኔ ነው» የሚልበት ምልክት ነው። ጢማሙ ዘንዶም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱ «አጋማ» የሚባለው አንድ ቤተሰብ አባላት ናቸውና። «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» የሚለው ብሂል ለእነርሱም ሳይሠራ አይቀርም።

እኛ ዞር ብለን ያላየነውን ይህን የካብ ወገን በወረቀት ላይ ያሰፈረው የውጭ ሰው ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ተወላጅ በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን ዞሮ፣ ብዙ እንስሳት ሰብስቦ ወደ ከተማው ወስዷል። ዋልያን በሳይንስ ስሙ ያስተዋወቀው እርሱ ነው። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1835 ከአገራችን አጋሞች አንዱን «ሆደ ሰማያዊ» የሚል ትርጉም ባለው ስም መዝግቦታል። ስለዚህ ለልጁ የሰጠሁት መልስ፣ «ዘንዶህ የአጎት ልጅ መርሳ ውስጥ አለው፤ ቤቱም ካብ ነው» የሚል ሆነ።

አገልጋዩና ጠላቱ

በእኛ መጻሕፍትና ሥዕሎች ውስጥ ግን ዘንዶ ዘመድ ሆኖ አያውቅም። ወይ አገልጋይ ነው፣ ወይ ጠላት። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ደብረ ዳሞን የመሠረቱት፣ ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ፣ ወደ አምባው የወጡት በዘንዶ ጅራት ተይዘው እንደሆነ ገድላቸው ይተርካል። ዛሬም ወደ ገዳሙ የሚወጣ ወንድ ገደሉን በገመድ ተንጠልጥሎ ነው የሚወጣው፤ ገመዱ የዚያ ዘንዶ ምትክ ነው ይባላል። ከእኛው ሰሜን ወሎ፣ ላሊበላ ላይ፣ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን በስሙ የቆመለት ቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ፣ በየሥዕሉ ነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ ይታያል። የዚያም ዘንዶ ታሪክ የቀለብ ታሪክ ነው፤ ብሩታዊት ከዛፍ ላይ ሆና የምትታየው ተራዋ ደርሶ ለምግብነት ስለቀረበች ነው።

እነዚህ ታሪኮች ሲደመሩ የሚነግሩን አንድ ነገር አለ፤ ቀላቢው ሁልጊዜ ፈሪ ነበር። የሚበላው እንስሳ ምን እንደሚያስፈልገው የጠየቀ የለም፤ የተጠየቀው እንዴት እንደሚርቅ ወይም እንዴት እንደሚሞት ብቻ ነው።

ግቢና በረት

ፍርሃቱ ወደ ክብር የተለወጠው በነገሥታቱ ግቢ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ለማዳ አንበሶቻቸውን አጠገባቸው አድርገው እንግዳ ይቀበሉ እንደነበር በዘመናቸው የመጡ አውሮፓውያን ጽፈዋል፤ ሥለዋልም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም አንበሶች በቤተ መንግሥታቸው ያኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ስድስት ኪሎ ላይ የተቋቋመው የአንበሳ ግቢ አምስት ወንድና ሁለት ሴት አንበሶችን ይዞ እንደጀመረ ይነገራል። የማደሪያው ጥበት ሲያስወቅሰው የኖረ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የጀርመንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት 15 አንበሶችን መርምሮ፣ ዘራቸው ከሌሎች ከተመረመሩ አንበሶች የተለየ መሆኑን አሳይቷል። ለክብር የታሰረ እንስሳ ሳይታሰብ የዘር ቅርስ ሆኖ ተገኘ።

ከአንበሳው ይልቅ ለእንሽላሊቱ ታሪክ የሚቀርበው ግን የአርባ ምንጩ አዞ እርባታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሲቋቋም ሐሳቡ ግልጽ ነበር። የናይል አዞ በአንድ ጊዜ ከ40 እስከ 60 እንቁላል ይጥላል፤ ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች አብዛኞቹ በመጀመሪያው ዓመት የአሞራ፣ የዓሣና የሌላ አዞ ምግብ ይሆናሉ። ስለዚህ ከሐይቁ ዳር እንቁላልና ጫጩት ወስዶ በግንብ በረት ማሳደግ፣ ከዚያም ቆዳውን መሸጥ ይቻላል ተባለ። በአገራችን የተሳቢ እንስሳ ግልገል በብዛት ቤት ተሠርቶለት፣ ቀለብ ተቆርጦለት ያደገው በዚህ ነው። እዚህ ላይ ፍርሃቱም ክብሩም ቀርቶ ስሌት ገብቷል። ስሌት ደግሞ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ያስጠይቃል፤ ይህ ግልገል እንዳይሞት ምን ያስፈልገዋል?

ፀሐይን ቤት ማስገባት

የዘመዴ ልጅም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ እንግዲህ ወደ ጓዳው እንግባ። ተሳቢ እንስሳ እንደ ሰው ወይም እንደ ላም ሙቀት በሰውነቱ አያመነጭም፤ ከፀሐይና ከድንጋይ ይበደራል። የካቡ እንሽላሊት ሲበርደው ይወጣል፣ ሲሞቀው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። በመስታወት ሣጥን የታሰረው ግን ይህን ምርጫ አሳሪው ካልሰጠው የለውም። ስለዚህ ማደሪያው ሁለት አየር ሊኖረው ይገባል፤ በአንደኛው ጫፍ በመብራት የሚሞቅ ድንጋይ፣ ሙቀቱ ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በሌላው ጫፍ ከ24 እስከ 29 የሆነ ጥላ። ሌሊት ከ18 ወይም ከ20 ባይወርድ ይመረጣል። ይህ በግምት አይሆንም፤ በየጫፉ ቴርሞሜትር ማስቀመጥ ግድ ነው።

ለግልገሉ ከ75 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሣጥን ለጊዜው ይበቃዋል። ሲያድግ ግን ርዝመቱ 120፣ ጎኑና ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ያስፈልገዋል። ወለሉ ላይ ለግልገል አሸዋ አይነጠፍም፤ ከምግቡ ጋር ውጦት አንጀቱን ሊዘጋው ይችላል። ወረቀት ይሻላል። ሁለት ግልገሎችን አንድ ላይ ማኖርም ጥፋት ነው፤ አንዱ የሌላውን ጣትና ጅራት ይነጭበታል።

ከሙቀቱ የሚብሰው የብርሃኑ ነገር ነው። እንሽላሊቱ ካልሲየምን ከምግቡ ወስዶ አጥንት የሚያደርገው በቫይታሚን ዲ ነው፤ ቫይታሚኑን ቆዳው የሚሠራው በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ይህን የእኛ እናቶች ያውቁታል፤ ሕፃን ጠዋት ፀሐይ የሚሞቀው ለዚህ ነው፤ ተሸፋፍኖ ያደገ ልጅም እግሩ የሚጎብጠው ፀሐይ አጥቶ ነው። ጨረሩ በመስታወት አያልፍምና ሣጥኑን መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ምንም አይጠቅም። ለዚህ የተሠራ ልዩ የመብራት ዘንግ አለ፤ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይበራል። ዘንጉ ለዓይን እያበራም ጨረሩ ስለሚደክም፣ እንደ ዓይነቱ በየ6 ወይም በየ12 ወሩ ይለወጣል። ይህን የዘነጋ ሰው እንስሳው መንጋጋው ሲለሰልስ፣ እግሩ ሲጎብጥ ያያል። ያን ጊዜ ቀለቡ ምንም ቢበዛ አይረዳም።

ቀለቡስ? ግልገሉ በአብዛኛው ነፍሳት በል ነው፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይመገባል። የሚሰጠው ፌንጣ መጠን በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ስፋት መብለጥ የለበትም። ፌንጣውም ካልሲየም ዱቄት ተነስንሶበት ይቀርባል። ከዚሁ ጋር በየቀኑ ደቅቆ የተከተፈ ቅጠል ይቀመጥለታል፤ ሲጎለምስ ነገሩ ተገልብጦ ቅጠሉ ዋና፣ ነፍሳቱ ተጨማሪ ይሆናሉ። እኛ አገር ቢሆን የአበሻ ጎመን፣ ዱባ፣ እሾሁ የተላጠ የበለስ ቅጠል ይስማሙት ነበር። ቆስጣ ግን ካልሲየሙን ስለሚይዝበት የዘወትር ምግቡ አይሆንም። አቮካዶ መርዙ ነው። የመርሳ ብርቱካንም ይቅርበት፤ ኮምጣጣ ፍሬ ለሆዱ አይመችም። የነካው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ የተባለውን ተውሳክ ይይዛሉ።

የአንበጣው ዋጋ

የቀለቡን ዝርዝር ስከታተል እጄን ያስቆመኝ አንድ ቃል ነበር፤ አንበጣ። በአውሮፓ ለእንሽላሊት ቀለብ የሚሆን አንበጣ በፋብሪካ መልክ ይረባል፤ በትናንሽ ካርቶን ታሽጎ በየሱቁ ይሸጣል። ከሚረቡት ውስጥ የበረሃ አንበጣ የሚባለው ይገኝበታል። እኛ ይህን ስም የምናውቀው በሌላ መንገድ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ መንጋ ሐብሩንና ራያ ቆቦን ጨምሮ በምሥራቃዊ አማራ ሲወርድ፣ ለአጨዳ የደረሰ ማሽላና ጤፍ ወድሞ ገበሬው ጅራፍና ጣሳ ይዞ፣ እየጮኸ ማሳው ውስጥ ሲሮጥ ውሏል። ያ የአንድ ዓመት እንጀራ ያሳጣ ነፍሳት ሌላ ቦታ ላይ ስንዴ ገለባና ሣር እየበላ፣ ለሌላ እንስሳ ራት እንዲሆን ይቀለባል።

ይህን የምጽፈው ልጁን ለመውቀስ አይደለም። ልጁ የታሰረ እንስሳ ተቀብሏል፤ የታሰረን መቀለብ ግዴታ ነው። የእርሱ ዘንዶ ከዱር የተሰረቀም አይደለም፤ አውስትራሊያ እንስሶቿን ለንግድ ማውጣትን ከከለከለች ብዙ ዘመን ሆኗታልና፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚሸጡት እዚያው ቤት ውስጥ ሲራቡ የኖሩ ናቸው። ነገር ግን ዕድሜው ከ8 እስከ 12 ዓመት ነው። በ10 ዓመቱ የተቀበለው ልጅ ሃያ ሲሞላው፣ ዘንዶው አሁንም መብራት፣ ጎመንና ፌንጣ ይጠይቀዋል። ወላጆች ከመግዛታቸው በፊት ሊቆጥሩት የሚገባው ይህን ዓመት ነው።

ለእኛ ለመርሳና ለወልድያ ልጆች ግን ምክሬ ሌላ ነው። ጢንዚዛ በክር አስረን እንዳበረርን ሁሉ፣ የካቡንም እንሽላሊት በጣሳ ለማሳደር የሚፈልግ ልጅ አይጠፋም። የአገራችን ሕግም፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541፣ የዱር እንስሳ አያያዝን ያለ ፈቃድ አይተውም። ከሕጉም በፊት ስሌቱ አለ። 40 ዲግሪ ድንጋዩ፣ ጥላው፣ የማይደክመው ጨረር፣ ለዓይኑ ስፋት የተመጠነው ነፍሳት፣ ባሕር ማዶ በብዙ ገንዘብ የሚገዛው ሁሉ፣ እኛ ዘንድ በካቡ ላይ ተሟልቶ ተቀምጧል። ካቡን ሳያፈርሱ ረፋድ ላይ ራቅ ብሎ መቀመጥና ማየት ብቻ ይበቃል። ለልጁም በስልክ ቃል የገባሁለት ይህንኑ ነው፤ ለክረምት ዕረፍቱ ሲመጣ የዘንዶውን ዘመድ በገዛ ቤቱ አሳየዋለሁ፤ ቀለብ ይዞ መምጣት ግን አያስፈልገውም።