የፋይበር መስመር የብርሃን ማጉያና ገደቡ

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፣ ዓለም አቀፍ ኢንተርኔት የሚደርሳት እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤት አገሮች በሚያልፉ ረጃጅም የፋይበር መስመሮች ነው። በፋይበሩ መስታወት ውስጥ መልእክት የሚሸከመው ብርሃን 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ከመነሻ ኃይሉ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ስለዚህ በመስመሩ ላይ በየርቀቱ ማጉያ ይተከላል።

እ.ኤ.አ. በ1987 በእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ይፋ የሆነው ማጉያ ኤርቢየም የተባለ ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት ፋይበር ነው። ኤርቢየሙ ከሌዘር የተቀበለውን ኃይል ለሚያልፈው ብርሃን ያስረክባል።

ይሁንና ማዳበሪያ ከልኩ ሲያልፍ ሰብልን እንደሚጎዳ ሁሉ፣ ከልክ ያለፈ ብርሃንም መልእክትን ያበላሻል። የበረታ ብርሃን የመስታወቱን ብርሃን የማሳለፍ ጠባይ ስለሚለውጥ፣ በአንድ ፋይበር በተለያየ የሞገድ ርዝመት የሚጓዙ መልእክቶች እርስ በርስ ይደባለቃሉ። ቀጣዩ ማጉያም ጥራቱን ሳይመልስ የተበላሸውን አብሮ ያጎላዋል። በመሆኑም የመስመሩ ጥራት የሚጠበቀው ኃይልን በመጨመር ብቻ ሳይሆን በመመጠንም ነው።